ማደሪያው ገበያ ሲሆን፦ የመተማና የኮኪት መንገድ ምን ያስተምራል?

መተማ ከተማ ከመሆኗ በፊት ማደሪያ ነበረች። ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በወህኒ በኩል ወደ ቆላ የሚወርደው የሲራራ መንገድ ወደ ገዳሪፍና ወደ ሰናር ሜዳ ከመዝለቁ በፊት እዚያ ያርፋል፤ ገበያውም የበቀለው ከዚሁ ዕረፍት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ማስታወስ ዛሬ ይጠቅማል። በአገራችን ጊዜያቸው ያለፈ የመጓጓዣ ሕንፃዎች እየበዙ መጥተዋልና፤ የለገሀር ባቡር ጣቢያ አለ፣ የድሬዳዋው አለ፣ በአሮጌው ሐዲድ ዳር ዳር የቀሩት ትንንሽ ጣቢያዎች አሉ፣ በየጠረፉ የተተዉ የኬላና የመጋዘን ግቢዎችም አሉ። ምን ይሁኑ ሲባል አንዱ ሙዚየም ይላል፣ ሌላው ፈርሰው ፎቅ ይነሣባቸው ይላል። ለአካባቢው ሰው የሕዝብ ገበያ ይሁኑ የሚለው ሦስተኛ ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ትንሽ ሐሳብ ይታያል። እኔ የምደግፈው ይህንን ሦስተኛውን ነው። ምክንያቴም የሕንፃ ፍቅር አይደለም። በዚህ አገር የመንገድ ማረፊያና ገበያ አብረው ኖረዋል፤ በተለያዩ ጊዜም ሁለቱም ተጎድተዋል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ወደ መተማ የምወርደው መተማ ስመ ጥር የሆነ አሮጌ ጣቢያ ስላላት አይደለም። እዚያ ግንቡ በየዘመኑ ስለተቃጠለና ስለፈረሰ፣ ገበያን በእውነት የሚያቆመው ምን እንደሆነ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

አስቀድሞ የመሬቱን ጠባይ ማየት ያስፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ የሚገኘው መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ቁልቁለት አየሩ፣ ሰብሉ፣ በሽታውና የጭነት ከብቱ ሁሉ ይለወጣል። የደጋው ነጋዴ ጭነቱን በበቅሎና በአህያ ያወርዳል፤ የሜዳው ነጋዴ በግመል ያመጣል። በቅሎ በቆላው ሙቀት ብዙ አትገፋም፣ ግመልም የደጋውን ገደል አይወድም። ስለዚህ ጭነቱ በአብዛኛው የሆነ ቦታ ላይ ከአንዱ ጀርባ ወርዶ በሌላው ላይ መጫን ነበረበት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዞቹ ይሞላሉ፣ ጥቁሩ አፈር እግር ይይዛል፣ ንዳዱ ይነሣል፤ ቅፍለቱ እስኪበራ ድረስ ይቆማል። ሰው ሲቆም ይበላል፣ ይተኛል፣ ከብቱን ያበላል፣ ገንዘቡን ይመነዝራል፣ ዕቃውን ያስመዝናል፣ ቋንቋ የሚያውቅለት ደላላ ይፈልጋል። ገበያውን ያቆመው ይህ የግድ ዕረፍት ነበር። ማንም ንጉሥ በአዋጅ አልተከለውም፤ መሬቱ ራሱ ያስገደደው ነው። ጭልጋም ወህኒም በዚሁ መንገድ ላይ የየራሳቸው ገበያና ኬላ የነበራቸው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፦ ደገኛውና ቆለኛው ሳይገናኙ መተላለፍ አይችሉም ነበር።

መንገዱ ምን ያህል የቆየ እንደሆነ የውጭ ተጓዦች ጽሑፍ ይመሰክራል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ዐፄ ኢያሱን ለማከም ጎንደር የደረሰው በሰናር በኩል አድርጎ ይህን ጠረፍ ተሻግሮ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1772 ወደ አገሩ ሲመለስ በዚሁ ወረደ። ከብሩስ ታሪክ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ፤ በጎንደር ሳለ እሱ ራስ ኤል ፊል ብሎ የሚጠራው የዚህ ጠረፍ አገር ግዛት በስሙ ተሰጥቶት ነበር። እሱ ግን በዚያ ተቀምጦ አላስተዳደረም። ያሲን የሚባል፣ መንገዱንና ቋንቋውን የሚያውቅ እስላም ወዳጁን በምትኩ ሾመ። የጎንደር ቤተ መንግሥት ጉልበት በጠረፉ ላይ ቀጭን እንደነበረ፣ ነገሩን ይዞ የሚያቆየውም በሁለቱም ወገን የሚታመን ሰው እንደነበረ ከዚህ መረዳት አይከብድም። በጎንደር ከተማ ውስጥም የሩቅ ንግዱን በብዛት የያዙት እስላም ነጋዴዎች ነበሩ። በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው ጉባኤ ሰፈራቸው ከክርስቲያኑ እንዲለይ ቢወስንም፣ ያው የተለየው ሰፈር የከተማይቱ የንግድ ሳንባ ሆኖ ቀጠለ። በየጠረፉም ሆነ በከተማው ንግድ የሚያድረው ሰው ሰውን በሚያምንበት ቦታ ነበር።

የመተማን ገበያ ለረጅም ጊዜ የያዙት ተክሩር የሚባሉት ሕዝብ ናቸው። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር በኩል ወደ መካ ለሐጅ ሲጓዙ ወይም ሲመለሱ እዚህ የቀሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል፤ ከተማይቱን የመሠረቱት ራሳቸው መንገደኞች ነበሩ፤ ማደሪያው ቤት ሆነባቸው። የተክሩር ሼኾች በ19ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያም ለግብፅም ግብር ይከፍሉ ነበር። ይህን ድርብ ግብር አንዳንዶች ሁለት ጌታ ማገልገል ብለው ይነቅፉታል። ለገበያው ግን የሰላም ዋጋ ነበር። ግብሩ በሁለቱም በኩል እስከተከፈለ ድረስ የደጋው ነጋዴም የሱዳኑ ጀላቢም በአንድ ጥላ ሥር መቀመጥ ይችል ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ሲያልፍ ያገኘው እንዲህ ያለ ደማቅ ገበያ ነው። ከደጋ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ በቅሎ ይወርዳል፤ ከሜዳው ጥጥ፣ የፋብሪካ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ኩል፣ ቅመምና የጎራዴ ስለት ይወጣል። ማርትሬዛ ብር በሁለቱም ወገን እጅ ይዞራል። እውነቱን ሳንሸሽግ ደግሞ መናገር ይገባናል፤ በዚህ ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ከቆላው ሕዝብና ከሩቅ ደቡብ ተይዘው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግረዋል። የጥንቱን ገበያ የሚያወድስ ጽሑፍ ይህን ዘልሎ ቢያልፍ የሚያወድሰው ውሸትን ነው።

ይህን የመሰለ ታሪክ ያለው ቦታ እንዴት ለዛሬ አርአያ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። የእኔ መልስ የሚጀምረው ሁለት ነገሮችን በመለየት ነው። ሰውን ዕቃ ያደረገው ጉልበት ነው፤ በጠረፉ የሚዘምተው፣ ለዘመቻው ስንቅ የሚያቀርበው፣ በምርኮው የሚያተርፈው ባለጠመንጃ ነው። ገበያው ሲጠነክር ወይም ሲደክም የሚታየው ግን ሌላ ኃይል ነው፦ ያ ጉልበት የሚገደብበት ውል። በገበያው ውስጥ ደም እንዳይፈስ፣ ቀረጡ ታውቆ እንዲቀመጥ፣ ሚዛኑ እንዳይሰረቅ፣ እንግዳው ባስጠጋው ሰው ዋስትና እንዲያድር የሚያደርገው ልማድ ነው። የባሪያ ንግድ ይህ ውል ለሁሉም ሰው ስላልደረሰ የቀጠለ በደል ነው። ስለዚህ ከዚያ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት የሕዝብ ገበያ ለማን እንደሚከፈት ስንወስን አንድም ወገን ከውሉ ውጭ እንዳይቀር ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ዛሬም አማራው፣ ቅማንቱ፣ ጉሙዙ፣ ከሱዳን የመጣው ነጋዴና ከደጋ የወረደው ሥራ ፈላጊ በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ከውሉ ማን እንደሚወጣ መጠየቅ የድሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ማደሪያው ምሽግ ሲሆን ምን እንደሚከተል ደግሞ የ1870ዎቹና የ1880ዎቹ ዓመታት በግልጽ ያሳያሉ። ግብፆች ከመተማ ጋር ተያይዛ በምትገኘው በገላባት ጦር አሰፈሩ። በ1876 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በእንግሊዝና በግብፅ መካከል የአድዋው የሂዌት ውል ከተፈረመ በኋላ ያ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ተደረገ፤ ቦታው ግን ባዶ አልቀረም። የሱዳን ማህዲስቶች ያዙት። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወርደው ድል አደረጉ፤ ከተማይቱም ተቃጠለች። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የማህዲስቶቹ የጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ በሳር ውሃ ንጉሡን አሸንፎ እስከ ጎንደር ዘለቀ፤ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። ማህዲስቶቹ መተማን በእሾህና በዕንጨት ዘሪባ አጥረው ታላቅ ምሽግ አደረጓት። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያንን ዘሪባ ሊሰብሩ መጥተው በጥይት ተመተው ወደቁ። በኢትዮጵያ ታሪክ መተማ የምትታወሰው በዚህ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ስም ከከተማይቱ ስም ጋር እስከ ዛሬ ተያይዞ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። የመንገዱን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ግን ሌላም ሐዘን አለበት። መቶ ዓመታት የፈጀው ገበያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነጋዴ አልባ ሆነ። ጎንደርም መተማም አብረው ተጎዱ፤ ነጋዴው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። በዘሪባ ውስጥ ገበያ አይቆምም፤ ዘሪባው የታጠረው ሰው እንዳይገባ ነውና።

ያ ገበያ ግን ተመለሰ፤ የክርክሬ ዋና ማስረጃም ይኸው መመለሱ ነው። ማህዲስቶቹ በወደቁ ጊዜ ኢትዮጵያውያን መተማን፣ እንግሊዞች ገላባትን ያዙ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የፈረሙት የወሰን ውል፣ ቀጥሎም የእንግሊዙ ሜጀር ግዊን በ1903 እ.ኤ.አ. ያደረገው የድንበር ምልክት ተከላ፣ ድሮ አንድ የነበረውን ቦታ በሁለት መንግሥት ከፈለው። በመካከል ያለው ቦይ በበጋ በእግር የሚሻገሩት ነው። ሁለት ባንዲራ፣ ሁለት ጉምሩክ፣ ሁለት ሕግ ቆመ፤ ነጋዴው ግን በሁለቱም ዳር ተመልሶ ተቀመጠ። የቀድሞው ገበያ ቤት አልነበረም፣ ሼኾቹ ጉልበታቸውን አጥተዋል፣ ከተማው ከአመድ ነው የተነሣው። ያልጠፋው የጭነቱ መለዋወጥ፣ የክረምቱ መቆያና ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቁ ቤተሰቦች ነበሩ። በኋላም በ1932 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጣሊያኖች ገላባትን ያዙ፤ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ እንግሊዛዊው ብርጋዴር ስሊም የሚመራው የሕንድ ብርጌድ ሊያስለቅቃቸው ሲዋጋ ምሽጉ በመድፍና በቦምብ ተደበደበ። ቦታው ለሁለተኛ ጊዜ ምሽግ ሆነ፣ ለሁለተኛ ጊዜም ፈረሰ። ጦርነቱ ሲያልፍ ግን የሲራራው መንገድ የመኪና መንገድ እየሆነ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ቆላውን የለወጠው ሰሊጥ ነው። ከሑመራ እስከ መተማና ቋራ የተዘረጋው ሜዳ ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለሰፋፊ እርሻ ተከፈተ፤ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ወረሱት። በየዓመቱ በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው የሚወርደው ሠራተኛ፣ ቆለኛው ሳሉግ የሚለው፣ አዲሱ መንገደኛ ሆነ። ሳሉግ ከመኪና ሲወርድ የሚያስፈልገው የድሮው ሲራራ ከሚያስፈልገው ብዙም አይርቅም፦ የሚያድርበት ጥላ፣ የሚበላው ምግብ፣ ከባለእርሻው ጋር የሚዋዋልበት የታወቀ ቦታ፣ ገንዘቡን ሳይዘረፍ የሚይዝበት መንገድ፣ ንዳድና ካላዛር ሲይዘው የሚታከምበት ጤና ጣቢያ። ኮኪት የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟ በታሪክ መጻሕፍት አይገንም። ጠረፉ ሲዘጋ ወይም ሲጨናነቅ፣ እርሻው ሠራተኛ ሲፈልግ፣ የሰሊጡ ኩንታል ወደ ደጋ ሲወጣ ይህ መንገድ ሁሉንም እንደ ኮኪት ባሉ ከተሞች በኩል ያሳልፋል። የትልቁን ሰሊጥ ሽያጭ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ወደ መጋዘኑና ወደ ግብይት ሥርዓቱ ወስዶታል። የቀረው ትንሹ ገበያ ነው፤ ሽንኩርቱ፣ ጨዉ፣ ዘይቱ፣ ልብሱ፣ ዕጣኑ፣ ፍየሉ፣ ጠላውና ሻዩ። የቆላውን ኑሮ ከሳምንት ሳምንት የሚያሻግረው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ በፀሐይ ላይና በጭቃ ላይ የሚቀመጠውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ሕንፃዎቹ ልመለስ። በአካባቢያችን የመጓጓዣ ግንብ ወደ ሕዝብ መገበያያ የተለወጠበት ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ በአሥመራ ያለው መደበር ነው። ጣሊያኖች ለግመል ቅፍለት ማረፊያ ብለው የሠሩት ሰፊ ግቢ ነው። ግመሉ ሲቀር ግቢው አልፈረሰም፣ ሙዚየምም አልተደረገም። ብረት ቀጥቃጮች፣ ከአሮጌ በርሜል ምድጃና ምጣድ የሚሠሩ ባለእጆች፣ በርበሬ የሚያስፈጩ ሴቶች ገቡበት። አሥመራ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ይህ ግቢ መዶሻ እየጮኸበት ነበር። ጠባቂ የሚቆምበት ቅርስ ሳይሆን የሚኖሩበት ቅርስ ነው። ከሩቅ አገር ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮው የጀልባ ጣቢያ አለ። በ1898 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ በ1930ዎቹ ትልልቆቹ ድልድዮች ሲሠሩ ተጓዡ ቀነሰ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ምድር ቤቱ የምግብ ገበያ ሆኖ ተከፈተ፤ ገበሬዎችም በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ውጭው ላይ ምርታቸውን ይሸጣሉ። ይህኛው ውብ ነው፣ ጀልባውም አልቀረም፤ ነገር ግን ዋጋው ገንዘብ ላለው ሰው ነው። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ለእኛ የሚሻለው መደበር ነው፤ የከተማውን ሠራተኛ ሳያስወጣ የኖረ ነውና።

ከራሳችን አገር የምናገኘው ማስረጃ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ይመጣል። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን የአዲስ አበባን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ መርካቶ የተባለው ያ ነው። ዓላማቸው የአገሬውን ሰው ከከተማው መሐል ማራቅ ነበር። በጉልበት የተተከለ ገበያ ለምን ሳይሞት ቀረ? ነጋዴዎቹ ሠርተው አኖሩት፤ ከዚያም የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያ አጠገቡ ቆመ። አውቶቡስ ተራና መርካቶ እንዳይለያዩ ሆነው አድገዋል፤ ከክፍለ ሀገር የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ሳያርቅ ይገዛል፣ የሚሸጠውንም ይዞ ይመጣል። ድሬዳዋን ደግሞ ባቡሩ ወለዳት፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማይቱ በጣቢያው ዙሪያ ተሰፋች። ጅቡቲና ድሬዳዋን በባቡር እየተመላለሱ የሚነግዱ ሴቶች ለዓመታት ብዙ ቤተሰብ አስተዳድረዋል፤ ቀፊራና ታይዋን የሚባሉት ገበያዎች ከዚህ መንገድ ያተረፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀው የለገሀር ሕንፃ ግን ባቡሩ ሲቆም ዝም አለ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ ጣቢያውን ከከተማው ዳር አድርጎ ሠራ። መንገደኛ ከአዲሱ ጣቢያ ሲወርድ ገበያ አያገኝም፤ በአሮጌው ጣቢያ ደግሞ ገበያ የሚመጣበት መንገደኛ የለም። ሁለቱንም ያጎደለው መለያየታቸው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የሚቀርብ ከባድ ተቃውሞ አለ። ገበያን የሚያቆመው መንገዱና ውሉ ከሆነ፣ ግንቡ ምን ያደርጋል? ለሽያጭ የሚሆን ክፍት ሜዳ አይበቃም ወይ? መተማ ያለ ግንብ ከኖረች እኮ ኮኪትም ትኖራለች። ይህ ክርክር ግማሽ እውነት አለው። ግንብ ብቻውን ገበያ እንደማይሠራ በየከተማው ተሠርተው በሮቻቸው የተዘጉ የንግድ ማዕከሎች ያሳዩናል። ነገር ግን የመጓጓዣ ግቢ ከሌላው ሕንፃ የሚለይበት ነገር አለ፦ መንገዱ ወደ እሱ ይመጣል። የቆመው በሚዛንና በመጋዘን አጠገብ ነው፣ በሩ ለጋሪም ለመኪናም ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ጭነት ከዝናብ ለመከለል የተሠራ ነው፣ ውሃና መጸዳጃ ለብዙ ሕዝብ ታስቦ ገብቶበታል። ለሽንኩርት ሻጯ እናት በክረምት ይህ ከቅንጦት አይቆጠርም። በዚያ ላይ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ይዞታው ለግለሰብ ካልተላለፈ ኪራዩን በሕዝብ ፈቃድ መወሰን ይቻላል። ክፍት ሜዳ ዛሬ ገበያ ሆኖ ነገ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፤ የታወቀ ሕንፃ ግን ታሪኩ ራሱ ዋስ ይሆነዋል። የአካባቢው ሰው አባቶቹ የወረዱበትን ጣቢያ ሲነኩበት ዝም አይልም።

ሙዚየም ይሁን የሚሉት ወገኖች ታሪክን እንደሚያከብሩ አልጠራጠርም። የመተማን ጦርነት የሚዘክር፣ የዐፄ ዮሐንስን መጨረሻ ለልጆቻችን የሚያስተምር ቦታ ያስፈልጋል፤ ይህ ሊሠራ ይገባል። ሆኖም የሲራራው ታሪክ በመስታወት ውስጥ ሊቀመጥ የሚችለው ጥቂቱ ብቻ ነው። ሚዛኑን፣ አሞሌውንና ማርትሬዛውን ማሳየት ይቻላል፤ ዋጋ የሚደራደሩትን ሰዎች ግን ማሳየት የሚቻለው እየተደራደሩ ሲቀጥሉ ብቻ ነው። ከሕንፃው አንድ ክፍል ለቅርሱ ተለይቶ ቀሪው ለገበያ ቢሆን ሁለቱ አይጣሉም። የተማሪ ጉዞ ከሙዚየሙ ወጥቶ ገበያው ውስጥ ቢያልፍ ታሪኩን በዓይኑ ያያል።

የኮንትሮባንድ ነገርም ይነሣል። በጠረፍ መንገድ ላይ የሕዝብ ገበያ መክፈት የተደበቀ ንግድን ማመቻቸት አይሆንም ወይ ይባላል። የመተማ ታሪክ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። በየመንገዱ ኬላ ሲበዛና ባለሥልጣኑ ሁሉ በየራሱ ቀረጥ ሲጠይቅ ነጋዴው ጫካውን ይመርጣል፤ ከጎንደር ወደ ምፅዋና ወደ መተማ የሚወስዱት መንገዶች ሲወዳደሩ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ጭነቱ ያዘነበለው ቀረጡ ወደሚታወቅበትና ሰላም ወዳለበት ነበር። የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበረው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም የአገር ሀብት በንግድ ሥርዓት ላይ እንደሚቆም ከመቶ ዓመት በፊት አስተምሯል። አንድ ታውቆ የተቀመጠ ቀረጥ፣ አንድ የታመነ ሚዛን፣ አንድ ብርሃን ያለው ግቢ ያለበት ቦታ ሕጋዊውን ሻጭ ይስባል። ትንሽ ዘይትና ስኳር ይዛ የምትሻገር ሴትን እንደ ትልቅ ኮንትሮባንዲስት የሚያሳድድ አሠራር ግን እሷንም ቀረጡንም ያጠፋል።

ከሁሉ የሚከብደው የሰላሙ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ላይ የሚያጽናና ቀላል መልስ የለኝም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ አሻግሯል፤ በጠረፉ የመሸጋገሪያ ጣቢያ ቆመ፣ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተከፈቱ፤ በእነዚያ መጠለያዎች ስደተኞች ጥቃት ደርሶባቸዋል። በአማራ ክልል ያለውም ግጭት መንገዱን ደጋግሞ ዘግቷል። በዚህ ሁኔታ ስለ ገበያ ማውራት የሰላሙን ቀን መቅደም ይመስላል። ነገር ግን መተማ ከ1881 ዓ.ም. በኋላ እንዴት እንደተነሣች ስናይ፣ ሰላሙ ሲመጣ መጀመሪያ የተመለሰው ገበያው ነበር። ዛሬ ለስደተኛ የተሠሩ የመሸጋገሪያ ግቢዎች አንድ ቀን ሥራቸውን ይጨርሳሉ። ያን ቀን ለማን ይሰጣሉ የሚለውን አሁን መወሰን ይሻላል፤ ሳይወሰን ከቀረ የጉልበተኛ መጋዘን ወይም የጦር ሰፈር ይሆናሉ፤ የዚህ መንገድ ታሪክ ሁለቱንም አይቶ ውጤቱንም አሳይቶናል።

ስለዚህ የምዕራብ ጎንደር ዞን፣ የመተማ ወረዳና በመንገዱ ላይ ያሉት የኮኪት፣ የገንዳ ውሃና የመተማ ዮሐንስ አስተዳደሮች በይዞታቸው ያሉትን ሥራ የፈቱ የመጓጓዣና የመጋዘን ግቢዎች ይመዝግቡ። ከጨረታ በፊት የሕዝብ ገበያ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይመርምሩ። ኪራዩ በቀን መደብ ለምትሸጥ ሴት የሚቻል ይሁን፤ አስተዳደሩ ውስጥ ሻጮቹ ራሳቸው፣ ከሁሉም ሕዝብና ከሁለቱም ሃይማኖት ተመርጠው ይግቡ፤ ሚዛኑና ቀረጡ በአደባባይ ይለጠፍ፤ ለሳሉጉም የማደሪያ ጥላና የውል ጽሕፈት ቦታ ይለይለት። አዲስ አበባና ድሬዳዋም ስለ አሮጌ ጣቢያዎቻቸው ሲወስኑ ይህን የቆላ መንገድ ታሪክ ይመልከቱ። እናንተ አንባቢዎችም በከተማችሁ ያለው የቆየ መናኸሪያ ወይም ኬላ ለማን ሊሰጥ እንደታሰበ ከመፍረሱ በፊት ጠይቁ።